50,000 የኢሜይል አድራሻ ልግዛ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የሂሳብ አያያዝ ትምህርት በኢንተርኔት አስተምራለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ወደው የተመዘገቡ 640 ሰዎች አሉኝ። በየሁለት ሳምንቱ ኢሜይል እልክላቸዋለሁ። ያነቡታል፤ አንዳንዶቹም መልስ ይጽፉልኛል። ግን ቁጥሩ አላድግ ብሎኛል። ባለፈው ወር አንድ የማላውቀው ሰው «የ50,000 አነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች ኢሜይል አለኝ። ሁሉም የተጣራ ነው፤ ሁሉም ፈቃድ የሰጡ ናቸው፤ 95 በመቶው ይሠራል» ብሎ ጻፈልኝ። የጠየቀው ገንዘብ ያን ያህል አይደለም። አብሮኝ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ «ከመቶ አንድ ሰው እንኳ ቢገዛ 500 ተማሪ ነው፤ ምኑ ያሳስባል?» ይለኛል። ስሌቱን ሳየው ልክ ይመስላል። ልቤ ግን እምቢ አለኝ። ምክንያቱን ለወንድሜ ማስረዳት ቢያቅተኝ ነው የጻፍኩልዎ።

ልቧ እምቢ ያላት

መልስ

ልጄ፣ አትግዢ። ልብሽ እምቢ ያለው በምክንያት ነው። ለወንድምሽ እንድታነቢለት ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ እጽፍልሻለሁ።

መጀመሪያ ይህን የምለው ከምን ተነስቼ እንደሆነ ልንገርሽ። ኢሜይል በመላክ ሥራ ላይ 17 ዓመት ቆይቻለሁ። ስድስቱን ዓመት የሠራሁት ለሌሎች ድርጅቶች ኢሜይል በሚልክ ኩባንያ ውስጥ፣ አቤቱታ ተቀባይ ሆኜ ነው። ሰዎች «እኔን እዚህ ማን መዘገበኝ?» ብለው ሲጽፉ የሚደርሰው ለእኔ ነበር። ላኪውን አግጄ፣ ደውዬ ምክንያቱን የምነግረውም እኔ ነበርኩ። «ዝርዝሩን ከየት አመጣኸው?» ስል መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ቀጥሎ «ከድሮ ደንበኞች የተሰበሰበ ነው» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው «ገዛነው» ይላሉ። አብዛኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እንደ ወንድምሽ ያሰሉ፣ ሥራቸው እንዲያድግ የጓጉ ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ በፊት እኔም ገዝቼ አውቃለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ቀጠሮ የሚያስይዝ ሶፍትዌር በሚሸጥ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነበር። አለቃዬ አዲስ ደንበኛ አምጪ ሲለኝ 12,000 አድራሻ ገዛሁ። ማክሰኞ ጠዋት ላክሁ። እኩለ ቀን ሳይሞላ 2,900ው ተመልሶ መጣ። አድራሻዎቹ የሉም። ሁለት ሰዎች ሶፍትዌሩን ሞከሩት። አንዳቸውም አልከፈሉም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ገንዘቡ ባከነ ብዬ እተወው ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን ነባር ደንበኞቻችን መደወል ጀመሩ። አንዱ «የይለፍ ቃሌን ልቀይር ብል ኢሜይሉ አልመጣልኝም» ይላል። ሌላው «ደረሰኜ የት አለ?» ይላል። ለካ ማስታወቂያውም፣ ደረሰኙም፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያውም የሚወጣው ከአንድ ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻ ከ@ በኋላ ከሚመጣው ስም) ነው። የተቀባዮቹ ሰርቨሮች (ደብዳቤ የሚቀበሉላቸው ኮምፒዩተሮች) በማስታወቂያው ምክንያት ዶሜይኑን በሙሉ መጠርጠር ጀምረዋል።

ሦስት ዓመት ከእኛ ጋር የቆየች አንዲት ደንበኛ ነበረች። አገልግሎቷን እንድታድስ የላክንላት ማሳሰቢያ ስፓም ውስጥ፣ ያልተፈለገ ደብዳቤ በሚጣልበት ሳጥን፣ ገብቶ ሳታየው ቀረች። አካውንቷ ተዘጋ። የወሩን ቀጠሮዎቿን በሙሉ ማየት አቃታት። ሰዎች በሯ ላይ እየመጡ ማን ለስንት ሰዓት እንደተቀጠረ አታውቅም። «እኔ ምን በደልኳችሁ?» ብላ ጻፈችልን። ያ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ምንም አልበደለችንም። ለማላውቃቸው 12,000 ሰዎች ስል እሷን አጣኋት። ዶሜይኑ ወደ ቀድሞ ቦታው እስኪመለስ አራት ወር ፈጀ።

ስለዚህ ለወንድምሽ ይህን ንገሪው። ለሻጩ የምትከፍሉት ገንዘብ ትንሹ ወጪ ነው። ትልቁን ወጪ የምትከፍሉት በ640ዎቹ ነው።

አሁን ሰውየው ያለሽን አንድ በአንድ እንየው።

«የተጣራ ነው፤ 95 በመቶው ይሠራል» ብሏል። ማጣራት ማለት አንድ ፕሮግራም የተቀባዩን ሰርቨር «በዚህ ስም ሳጥን አለ?» ብሎ መጠየቁ ነው። ሰርቨሩ «አለ» ካለ አድራሻው «ይሠራል» ተብሎ ይመዘገባል። ለማንኛውም ስም «አለ» ብለው የሚመልሱ ሰርቨሮችም አሉ። የሳጥኑ ባለቤት ያውቅሽ እንደሆነ፣ ደብዳቤሽን ይፈልግ እንደሆነ ፕሮግራሙ ሊያውቅ አይችልም። እንግዲህ ቃሉ እውነት እንኳ ቢሆን የሚነግርሽ በሮቹ መኖራቸውን ብቻ ነው።

ደግሞ ይህን ልብ በይ። ከሁሉ የከፉት አድራሻዎች ማጣሪያውን በደንብ ያልፋሉ። የስፓም ወጥመድ ይባላሉ። ስፓምን የሚከታተሉ ድርጅቶችና የኢሜይል አገልግሎት ሰጪዎች ሆን ብለው የሚያስቀምጧቸው፣ የሚሠሩ ሳጥኖች ናቸው። አንዱ ዓይነት የማንም ሰው ሆኖ የማያውቅ አድራሻ ነው። ድረ ገጽ ላይ ለሰው ዓይን በማይታይ ቦታ ይደበቃል። የሚያገኘው አድራሻ ለቃሚ ፕሮግራም ብቻ ነው። ሌላው ዓይነት ባለቤቱ የተወው የድሮ አድራሻ ነው። ረዘም ላለ ጊዜ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» እያለ ደብዳቤ ይመልሳል። ጤነኛ ላኪ ይህን አይቶ ከዝርዝሩ ያወጣዋል። ከዚያ አድራሻው ወጥመድ ሆኖ እንደገና ይከፈታል። ያን ጊዜ የሚጽፍለት ዝርዝሩን ያልጠበቀ ወይም የገዛ ሰው ነው። ፊደል የተሳሳተባቸው ዶሜይኖችም አሉ፤ ጂሜይል ሲል አንድ ፊደል የገለበጠ ሰው የሚጽፈው ዓይነት።

የመጀመሪያው ዓይነት ወጥመድ አንድ ብቻ ቢያገኝሽ መከራከሪያ የለሽም። ያ አድራሻ ሰው የለውም። ሰው ከሌለው ፈቃድ ሊሰጥሽ አይችልም። በአቤቱታ ክፍል ሳለሁ «ሁሉም ፈቃድ ሰጥተዋል» ብሎ የሚሟገተኝን ላኪ ዝም የሚያሰኘው ይኸው ነበር። በ1998 የተቋቋመው ስፓም ተከታታይ ድርጅት ስፓምሃውስ (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) እንዲህ ያሉ ወጥመዶችን ከሌሎች መረጃዎች ጋር እያየ ጥቁር መዝገብ ያወጣል። ብዙ የኢሜይል ሰርቨሮች ደብዳቤ ከመቀበላቸው በፊት መዝገቡን ያያሉ። ስምሽ እዚያ ካለ ደብዳቤሽ ስፓም ሳጥን እንኳ ሳይደርስ ከበር ሊመለስ ይችላል።

ሻጮች አድራሻዎቹን ከየት ያገኟቸዋል? ከድረ ገጾች በፕሮግራም ይለቅማሉ። የሰው ስምና የድርጅቱን ዶሜይን እያጋጠሙ ይገምታሉ። ለሌላ ጉዳይ፣ ለሽልማት ውድድር ወይም ለኤግዚቢሽን የተሞላ ቅጽ ይገዛሉ። ከተዘረፉ የመረጃ ቋቶችም የሚመጣ አለ። በጃንዋሪ 2019 «ኮሌክሽን 1» የተባለ ከብዙ ዝርፊያ የተጠራቀመ ክምር ኢንተርኔት ላይ ተገኘ። ወደ 773 ሚሊዮን የሚጠጉ የኢሜይል አድራሻዎች ነበሩበት፤ ከነይለፍ ቃሎቻቸው። በዚያው ዓመት ደግሞ ሥራው አድራሻ ማጣራት የሆነ ቬሪፊኬሽንስ ዶት አይኦ የተባለ ድርጅት የመረጃ ቋቱን ያለ ይለፍ ቃል ክፍት ትቶ ተገኘ። 763 ሚሊዮን አድራሻ ተጋለጠ። «የተጣራ» የሚለው ቃል ያኔ ለእኔ ትርጉሙ ተለወጠ። ሰዎቹ ሳያውቁ አድራሻቸው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል ማለት ነው። አንቺ ደግሞ ልትገዢው የተጠየቅሽው ከዚያ መንገድ ላይ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የሸጠልሽ ሰው ለአንቺ ብቻ አይሸጥም። ያው 50,000 ሰው ያው ዝርዝር በገዛ ሁሉ ይደበደባል፤ በአጭበርባሪም ጭምር። በጃንዋሪ 2021 ኤፕሲሎን የተባለ ትልቅ የአሜሪካ የመረጃ ነጋዴ ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ተስማምቶ 150 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደደ። ሠራተኞቹ የሸማቾችን መረጃ አረጋውያንን ለሚያጭበረብሩ ሰዎች እያወቁ ሸጠዋል ተብሎ ነው። የአንቺ የሂሳብ ትምህርት ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን እንዲህ ባለ ዝርዝር ከላክሽው የሚደርሰው ከማጭበርበሪያ ደብዳቤዎች መሐል ነው። ተቀባዩ አንቺን ለይቶ የሚያይበት ምክንያት የለውም።

«ፈቃድ ሰጥተዋል» ላለውስ? ለማን ነው የሰጡት? ሰው አድራሻውን ለአንድ ድርጅት ሲሰጥ ያን ድርጅት አምኖ ነው። ያ እምነት ተሽጦ ወደ አንቺ አይተላለፍም። ለሰውየው እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ከዝርዝሩ አስር ሰው እኔ ልምረጥ። እያንዳንዳቸው በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ገጽ፣ ምን የሚል ጽሑፍ አንብበው፣ የእኔን ስም አይተው እንደተስማሙ ማስረጃውን ላክልኝ።» እኔ ለብዙ ሻጮች ጽፌያለሁ። ማስረጃ የላከልኝ አንድም የለም።

ሕጉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ ፈቃድ አለኝ የሚለው ወገን ራሱ ያረጋግጥ ይላል። ቅጣቱ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ፣ ወይም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ እስከ 4 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ የሚበልጠው ይወሰዳል። የካናዳው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ፈቃድን በቅድሚያ ይጠይቃል፤ ድርጅትን እስከ 10 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ይቀጣል። ከ2004 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካው ሕግ ላላ ይላል። ዝርዝር መግዛትን በቀጥታ አይከለክልም። ግን ላኪው ማንነቱን እንዳይደብቅ፣ የሚገኝበትን አድራሻ እንዲጽፍ፣ «አትላኩልኝ» ያለውን ሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያወጣ ያስገድዳል። ወንድምሽ «እኛ እዚያ አይደለን» ሊል ይችላል። የአውሮፓው ሕግ ኅብረቱ ውስጥ ላሉ ሰዎች ዕቃም ሆነ አገልግሎት የሚያቀርብን ሁሉ ይመለከታል፤ ላኪው የትም ይቀመጥ። በ50,000 አድራሻ ውስጥ ማን የት እንዳለ ደግሞ አታውቂም።

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ነጋዴን ቀድሞ የሚያገኘው ዳኛ አይደለም። «ስፓም» የምትለዋ ቁልፍ ናት።

እዚህ ላይ የወንድምሽን ስሌት መልሼ ልሥራው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ ለላኪዎች ጥብቅ መስፈርት አውጥተዋል። ስፓም ነው ብለው የሚያመለክቱ ተቀባዮች ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆኑ ይጠይቃሉ። ከ1,000 ሦስት ማለት ነው። ጉግል እንዲያውም ከ0.1 በመቶ በታች ብትሆኑ ይሻላል ይላል። ወንድምሽ ከማያውቁሽ 50,000 ሰዎች 500 ገዢ ይጠብቃል። ከእነዚያው ሰዎች 150ዎቹ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብለው አንዲት ቁልፍ ቢጫኑ ልኩ ሞላ። የቱ የሚቀል ይመስለዋል? ለማያውቁት ሰው ከፍሎ ትምህርት መመዝገብ ነው ወይስ አንዲት ቁልፍ መጫን?

በአንድ ቀን ከ5,000 በላይ ወደ ጂሜይል የላከ ሰው ደግሞ እንደ ብዙ ላኪ ይቆጠራል። አንዴ ከተቆጠረ ምድቡ አይነሣለትም። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉትን የማንነት ማረጋገጫዎች ማሟላት፣ በአንድ ጠቅታ መውጫ ማስቀመጥ ግዴታው ይሆናል። ማይክሮሶፍትም ለአውትሉክ ከሜይ 2025 ጀምሮ ተመሳሳይ የማንነት ማረጋገጫ መስፈርት አውጥቷል። ማረጋገጫዎቹ ደብዳቤው ከአንቺ መውጣቱን ብቻ ነው የሚመሰክሩት። መጥፎ ደብዳቤ ከላክሽ መጥፎው ደብዳቤ የአንቺ መሆኑን በደንብ ይመሰክራሉ።

ሜይልቺምፕን የመሳሰሉ ታዋቂ የመላኪያ አገልግሎቶች የተገዛም ሆነ የተከራየ ዝርዝር በደንባቸው ይከለክላሉ። አካውንትሽን ሲዘጉ ከ50,000ው ጋር 640ዎቹም እዚያው ውስጥ ናቸው። ዝርዝርሽን ወደ ራስሽ ኮምፒዩተር አውርደሽ ካላስቀመጥሽ ዛሬውኑ አውርጂ፤ ይህ ለማንም የምመክረው ነው።

ወንድምሽ ታሪክ የሚወድ ከሆነ የ1978ቱን ያነሳብሽ ይሆናል። በሜይ 3 ቀን 1978 ጋሪ ቱርክ የተባለ የኮምፒዩተር አምራቹ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የገበያ ሠራተኛ ለ400 ያህል የአርፓኔት (ከኢንተርኔት በፊት የነበረ የኮምፒዩተር መረብ) ተጠቃሚዎች ሳይጠይቃቸው ማስታወቂያ ላከ። የመጀመሪያው ስፓም የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ቱርክ ግን ሽያጭ አግኝቼበታለሁ ይላል። ሊሆን ይችላል። ያኔ ሰዎች ሳጥናቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። «ስፓም» የምትል ቁልፍም አልነበረችም።

አሁን ወደ 640ዎቹ ልመለስ። ስለ እነሱ በአንድ መስመር አለፍሽ፤ እኔን ያስደሰተኝ ግን ያ መስመር ነው። «መልስ ይጽፉልኛል» ብለሻል። በአቤቱታ ክፍል ያየኋቸው 200,000 አድራሻ የነበራቸው ላኪዎች መልስ የሚጽፍላቸው ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ደብዳቤሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ «ሂሳብ ስትሠሩ በየወሩ የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው?» መልሱን ሰብስቢና ከሁሉ በላይ የተደጋገመውን በአጭር ነጻ ትምህርት መልሺው። ትምህርቱን ድረ ገጽሽ ላይ አድርጊ፤ ከሥሩ መመዝገቢያ ቅጽ አስቀምጪ። ሰው ሲመዘገብ «አንተ ነህ ወይ የተመዘገብከው?» የሚል ማረጋገጫ ኢሜይል ይሂድለት፤ ሊንኩን ሲጫን ብቻ ይግባ። አንዳንዱ ሳይጫን ይቀራል። ይቅር። የተጫነው ሰው ግን የመጣበት ቀንና ገጽ በእጅሽ አለ፤ ከሻጩ የጠየቅሽው ማስረጃ ማለት ነው።

ለዝርዝሩ ያሰብሽውን ገንዘብ ደግሞ እንዲህ አድርጊው። የትንሽ ድርጅት ባለቤቶች ወደው የሚያነቡት ደብዳቤ የሚያዘጋጅ ሰው ፈልጊ። በእሱ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ነጻ ትምህርትሽ አንድ አንቀጽ እንዲያስገባልሽ ክፈይው። ላኪው እሱ ነው፤ አንባቢዎቹ ያውቁታል። አድራሻቸው ወደ አንቺ አይመጣም። የወደደ ራሱ መጥቶ ይመዘገባል። ምናልባት 30 ሰው ይመጣልሽ ይሆናል። ወንድምሽ 30 ትንሽ ነው ካለሽ እኔ በ12,000 አድራሻ አንድም ደንበኛ እንዳላገኘሁ ንገሪው።

ጥያቄ

ምክርዎ ለእኔ ሳይረፍድ አልቀረም። የቢሮ ማሽኖች ጥገና ድርጅት አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት 20,000 አድራሻ ገዝቼ በሁለት ቀን ላክሁ። አሁን ለነባር ደንበኞቼ የምልከው የዋጋ ማቅረቢያ እንኳ ስፓም ውስጥ እየገባ ነው። ልጄ «አዲስ ዶሜይን ግዛና ከዚያ ላክ» ይላል። ሸሪኬ ደግሞ «ለሁሉም የይቅርታ ኢሜይል እንጻፍ» ይላል። የቱን ላድርግ?

የረፈደበት

መልስ

እባክዎ ሁለቱንም አያድርጉ። የይቅርታው ኢሜይል በቅን ልቦና የታሰበ ነው። ነገር ግን ለተናደዱት ሰዎች ሁለተኛ ያልተጠየቀ ደብዳቤ ነው፤ ወጥመዶቹም እንደገና ይቆጥሩታል። አዲሱ ዶሜይን ደግሞ ማንም የማያውቀው እንግዳ ነው። ተነሥቶ በብዛት የሚልክ አዲስ ዶሜይን ስፓም ላኪዎች የሚያደርጉትን ነው የሚያደርገው። ስፓምሃውስን የመሰሉ ድርጅቶችም ዶሜይን እየቀየረ የሚሸሽን ሰው ይለዩታል። በአሮጌው ስምዎ ይቆዩና ስሙን ያክሙት።

ዛሬ የሚያደርጉት መላክ ማቆም ነው። ለደንበኛ ከሚጽፉት የግል መልስ በስተቀር ሁሉንም ያቁሙ። ከዚያ የተገዙትን አድራሻዎች ለይተው ያውጡ። ከነባሮቹ ጋር ከተቀላቀሉ የገቡበትን ቀን ይዩ፤ አብዛኛው ፕሮግራም ይመዘግበዋል። «አጣርቼ ጥሩዎቹን ላስቀር» የሚለው ሐሳብ ይመጣብዎታል። አያስቀሩ። ወጥመዶቹ ጥሩ መስለው ይቀራሉና። «አትላኩልኝ» ያሉትን ሰዎች ስም ግን አይሰርዙ። ወደፊት በሌላ መንገድ ተመልሰው እንዳይገቡ በተለየ መዝገብ ይያዟቸው።

አንድ ሰው «አድራሻዬን ከየት አገኘኸው?» ብሎ ከጻፈልዎ እውነቱን ይመልሱለት፤ ከማን እንደገዙ ጭምር። የአውሮፓው ሕግ ለሚመለከታቸው ሰዎች ይህ ግዴታ ነው። እንዲያውም በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ ሊነገራቸው ይገባ ነበር። ለሌሎቹም ቢሆን የሚገባቸው መልስ ነው።

ቀጥሎ የት እንደቆሙ ይዩ። በስፓምሃውስ ድረ ገጽ ላይ ዶሜይንዎንና የሰርቨርዎን ቁጥር አስገብተው መመርመር ይቻላል፤ በነጻ ነው። ጉግል ፖስትማስተር ቱልስ በሚባለው መሣሪያው ከጂሜይል ተጠቃሚዎች ስንቱ በስፓም እንዳመለከተብዎ ያሳያል። እዚያ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ቁጥሩ የሚሰላው ዋናው ሳጥን ውስጥ ከገቡት ደብዳቤዎች ነው። ደብዳቤዎ በቀጥታ ስፓም ውስጥ ከወደቀ የሚያመለክት ሰው ስለሌለ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ዝቅ ስላለ ዳንኩ ብለው እንዳይልኩ። ደንበኞች ደውለው «ደረሰኝ» እስኪሉ ይጠብቁ።

የስፓምሃውስ ጥቁር መዝገብ ላይ ስምዎ ካለ፣ ይነሣልኝ ብሎ ከማመልከት በፊት ምክንያቱን ማስወገድ አለብዎ። ሲያመለክቱም ያደረጉትን በግልጽ ይጻፉ፦ ዝርዝር ገዛሁ፤ በዚህ ቀን ላክሁ፤ በዚህ ቀን አጠፋሁት። በሌላኛው ወገን ተቀምጬ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች አንብቤያለሁ። እውነቱን የጻፈ ሰው ጉዳይ በፍጥነት ያልቃል። የሚደብቅን ሰው ሦስት ጊዜ መልሰን እንጠይቀው ነበር።

ወደ መላክ ሲመለሱ ባለፉት ሁለትና ሦስት ወራት ካናገሩዎት ደንበኞች ይጀምሩ። ጥቂት፣ ከዚያ ጥቂት ጨምረው። ነባሮቹን ደውለው «ኢሜይሌ ስፓም ውስጥ ካለ እባክዎ ወደ ዋናው ሳጥን ያውጡልኝ» ይበሏቸው። ይህን የሚያደርጉልዎ የሚያውቁዎት ሰዎች ናቸው፤ ሰርቨሮቹም ምልክቱን ያያሉ። ወራት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያው አጣዳፊ የዋጋ ማቅረቢያ ሲኖር ከላኩ በኋላ ይደውሉ። ለዚያች ደንበኛችን ያልደወልኩላት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄ

እኔ አልገዛም። ግን ከድርጅቶች ድረ ገጽ ላይ አድራሻቸውን ራሴ በእጄ ብሰበስብስ? የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። 300 ያህል ድርጅት መርጫለሁ። ልልክ ያሰብኩትን ደብዳቤ አያይዤልዎታለሁ።

ተርጓሚው

መልስ

በእጅህ መሰብሰብህ በፕሮግራም ከመልቀም ይለያል። የአሜሪካው ሕግ በፕሮግራም የለቀመን ሰው ጥፋት የሚያከብድ አድርጎ ያየዋል። ቢሆንም 300ውን በአንድ ዝርዝር አስገብተህ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከላክህ ለተቀባዩ ልዩነት የለውም። በአንዳንድ አገር ለድርጅት አድራሻ መጻፍም ፈቃድ ይፈልጋል፤ የምትጽፍላቸው የት እንዳሉ እይና የዚያን አገር ሕግ ተመልከት።

የምመክርህ ከ300ው አስሩን እንድትመርጥ ነው። የእያንዳንዱን ድረ ገጽ በደንብ አንብብ። ለእያንዳንዱ ለብቻው ጻፍ፤ ስምህንና ሥራህን ከመጀመሪያው ግለጽ፤ መልስ ካልመጣ አንዴ ብቻ አስታውስና ተው። «አልፈልግም» ያለህን መዝግበህ ዳግም አትጻፍለት። ከአስሩ አንዱ መልስ ከሰጠህ ወደሚቀጥሉት አስር እለፍ።

ያያያዝከውን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። አምስቱ የመጀመሪያ መስመሮች ስለ አንተ ናቸው። ስድስተኛው መስመር ላይ «የዋጋ ገጻችሁ ትርጉም ላይ ሁለት ቁጥሮች ተለዋውጠዋል» ትላለህ። ያንን መስመር ወደ ላይ አውጣው፤ የትኞቹ ቁጥሮች እንደሆኑ ጨምርና ከመላክህ በፊት አንዴ ላክልኝ።